ያልታጠበች ጥግ

በእኛ ሰፈር ድንኳን የሚተከለው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። ሠርግ ያለበት ሰው ከሰበታ ባለ አበባ ድንኳን በኪራይ ያስመጣል፤ የእድራችን ነጭ ሸራ ግን ለሠርግም ለክርስትናም ከመጋዘን አይወጣም። በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሲያልፍ ያየው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማን ሞተ?» ስለዚህ አባቴ ያንን ሸራ ጀልባ ላይ ሲወጥረው ያየሁ ዕለት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ማን ሊሞት እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። እናቴ ነበረች።

ቡራዩ ውስጥ ጀልባ ምን ይሠራል ለምትሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምቦ መንገድ ታጥፎ ዳገቱን ሲወጡ ድሮ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ነበር። አባቴ ቦጂያ እዚያ ካባ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ድንጋይ ፈልጧል። አንድ ክረምት ግን ከሥሩ ውሃ ፈነዳና ጉድጓዱን ሞላው። ሠራተኛው መዶሻውን ይዞ በየፊናው ተበተነ። አባቴ ብቻ ቀረ። ባዶ በርሜሎች ለቃቅሞ፣ የወዳደቀ ብረት በየጎማ ቤቱ ለምኖ ሰብስቦ፣ ሰው በክፍያ የሚያሳፍርበት ጀልባ መሥራት ጀመረ። በዕድሜው ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሰፈሩ «ቦጂያ ኖኅ ሆነ» እያለ ሳቀበት፤ እሱም «እንግዲያው የምትሰምጡት እናንተ ናችሁ» እያለ ይመልስ ነበር።

እናቴ ዱርሲቱ ከፋሲካ ማግስት ጀምራ አልጋ ይዛለች። ሆዷ መግፋቱን አውቃለሁ። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን ቤታችን ሕፃን አልገባም፣ ለምን እንደሆነም የነገረኝ የለም። አሁን እግሮቿ አብጠው ጫማ አይገባላቸውም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በየሳምንቱ እየመጣች ክንዷን በጨርቅ ትጠመጥምና አየር ትነፋበታለች፤ ከዚያ ጨርቁን ፈትታ፣ ከአባቴ ጋር ውጪ ቆማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታወራለች። እኔ ያ ጨርቅ እናቴን እያደከማት እንደሆነ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን ደብቄባታለሁ፤ ነርሷ ግማሽ ሰዓት ፈልጋ ከዶሮ ቆጡ ውስጥ አገኘችው።

አንድ ሐሙስ ምሽት የእድሩ ዳኛ ኦቦ ሊቤ ቤታችን መጡ። እኔ በመጋረጃው ማዶ የተኛሁ መስሏቸው ነበር።

«ዱርሲቱ እንዴት ናት?» አሉ።

«ያው ናት። ነርሷም ጥሩ ነገር አልነገረችኝም» አለ አባቴ።

ኦቦ ሊቤ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ «በል እንግዲህ፣ ሸራውን ነገ መጥተህ ውሰደው። ኮሚቴው ተስማምቷል» አሉት። አባቴም ተነስቶ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል «ተው አንተ ሰውዬ!» ብለው ሲያነሱት በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ።

እንግዲህ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሁኑና ፍረዱኝ። እናት ታማለች፣ ድንኳን ተሰጠ፣ አባት አመሰገነ። ድንኳኑን አስቀድመው የሚሰጡት ለሞቱ እርግጠኛ ሲሆኑ ነው ብዬ ደመደምኩ። የበለጠ ያቃጠለኝ የአባቴ ምስጋና ነበር። ያን ሌሊት አባቴን ጠላሁት።

በማግስቱ ሸራው ወደ ከሊፋ ሱቅ ሄደ። ከሊፋ ገበያው ዳር የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ፣ ከአባቴ ጋር ሳይቀላለድ ውሎ የማያውቅ ሰው ነው። ሸራውን በጀልባው ልክ ቆርጦ፣ መሐሉን እንደ ጎጆ አሹሎ ሰፋው። የተረፈውን ሁሉ ሲቆርጥ የእድሩ ስም በሰማያዊ ቀለም የተጻፈበት ጥግ ግን እንዳለ ቀረ። ጀልባው ከካባው ገደል ሥር ታስሮ፣ ያ ነጭ ሸራ ላዩ ላይ ተወጥሮ፣ ያ ጽሑፍ ከኋላ በኩል ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ያን ጊዜ ነው ኦቦ ዲሪርሳ ትዝ ያሉኝ።

ኦቦ ዲሪርሳ ጎረቤታችን ናቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ሞተው ነበር። ቢያንስ ሚስታቸው «ሞተብኝ» ብለው ጮኸዋል፣ ሰፈሩም ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አልቅሷል። እነ አባቴ ድንኳኑን አምጥተው ግቢው ውስጥ ሲዘረጉት ግን ሸራው ሸራ አይመስልም። እርግቦች በመጋዘኑ ጣሪያ ቀዳዳ እየገቡ ክረምቱን ሙሉ ኩሳቸውን ሲጥሉበት ከርመዋል። ኦቦ ሊቤ ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው፣ «ይሄ በለቀስተኛ ራስ ላይ አይወጠርም! ሳይታጠብ አንዲት ካስማ አትመቱም!» አሉ። «ሬሳ አስተኝተን ሸራ አጠባ ልንወርድ ነው?» ያለ ሰው ነበር። ክርክሩ ተጋጋለ። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ አያለሁ። ክርክሩ ሳያልቅ ከቤቱ ውስጥ የሟቹ ድምፅ ተሰማ፤ «ቢሻን! ኧረ እዚህ ቤት ውሃ የሚሰጥ ሰው ጠፋ?»

ትልልቆቹ ከዚያ ቀን የያዙት ሚስትየዋ መቸኮላቸውን ነው። ሐኪሙም ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተው እንደነበር ተናግሯል። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁት ሌላ ነው። ድንኳኑ ቆሽሾ ተገኘ፣ ሳይተከል ቀረ፣ ሰውየውም ሳይሞቱ ቀሩ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ለዶሮዎቻችን የተቀመጠ ስንዴ ነበር። በአንድ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሞልቼ ከትምህርት ቤት መልስ ገደሉ ጫፍ ላይ ወጣሁ። ጀልባው ከሥሬ ነው፤ ሸራው በደንብ ይታየኛል። አንድ እፍኝ በተንኩ። ስንዴው ከሹሉ ጣሪያ ላይ እየተንሸራተተ ዳር ዳሩ ላይ፣ ሸራው ረገብ ያለበት ቦታ ተጠራቀመ። ብዙ ጠበቅኩ። መጀመሪያ አንዲት ዋኔ መጣች፣ ቀጥሎ እርግቦች፣ ቀጥሎ ቁራ። ገደሉ ላይ የሚያድሩ ጋጋኖዎችም ነበሩ፤ ያ ረጅም ምንቃር ያለው፣ ሲበር እንደተጣላ ሰው የሚጮኸው ወፍ። ጋጋኖ ስንዴ አይበላም። ነገር ግን ሌሎቹ ምን አግኝተው ነው ብሎ ወረደ፣ ወርዶም የሁሉንም ያህል ለብቻው ኮሰበት። ጋጋኖን ከዚያ ቀን ጀምሮ እወደዋለሁ።

አባቴ በማግስቱ ሸራውን ሲያይ ራሱን ያዘ። በመጥረጊያና በሳሙና ሲፈትግ ዋለ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነጭ አድርጎ ጨርሶታል፤ የእኔም ፊት አብሮት ነጣ። ወዲያው ቆርቆሮዬን አነሳሁ።

ጦርነቱ እንዲህ ተጀመረ። አባቴ ከካሴት ውስጥ የወጣ ፈትል በጀልባው ዙሪያ ወጠረ፤ ነፋስ ሲመታው ያፏጫል። ወፎቹ አንድ ቀን ፈሩት፣ በሁለተኛው ቀን ስንዴው በለጠባቸው። ሲዲዎች ሰቀለ። ከአሮጌ ጎማ ጭልፊት ቆርጦ በእንጨት ጫፍ ላይ አቆመ፤ ቁራ መጥቶ እራሱ ላይ ተቀመጠበት። የካባ ሥራ ካፖርቱን እንጨት አልብሶ አቆመ፤ ኮፍያም ጨመረለት። ከሊፋ ሊጎበኝ መጥቶ ይህን ሁሉ ሲያይ እየሳቀ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ወዳጄ፣ የቡራዩ ወፍ ሲዲ አይፈራም። በየሚኒባሱ መስታወት ተንጠልጥሎ እያየው ነው ያደገው» አለው።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ንገረኛ!»

«ቀጭን ሽቦ ከጣሪያው ጫፍ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገህ ወጥር። ዳር ዳሩንም እንዲሁ። ወፍ እግሩን የሚያሳርፍበት ካጣ ይሄዳል።»

አባቴ ሽቦውን ወጠረ። እውነትም ብልሃቱ ሠራ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ወፍ አላረፈም፣ እኔም ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልወርድ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ስንዴውን በውሃ አርሼ፣ በሽቦው ሥር ሸራው ላይ እንዲጣበቅ አድርጌ ወረወርኩት። የራበው ወፍ ሽቦ አይቆጥርም። አባቴ ይህን ሲያይ መጥረጊያውን ጥሎ ሰማዩን ተመለከተና «ምን በድያለሁ?» አለ። ከገደሉ ጫፍ ሰማሁት። ልቤ ስፍስፍ አለ፤ ግን ከእሱና ከእማዬ ማንን ልምረጥ?

እናቴ በኋላ፣ እኔ ካደግሁ በኋላ ነው፣ የስንዴው መጉደል ያን ጊዜ ታውቅ እንደነበር የነገረችኝ። «ለወፍ የምታዝን ልጅ ወለድኩ ብዬ ዝም አልኩ» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት አባቴ እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲነግራት ሰማሁ። እሁድ የከተማው አስተዳደር ሰዎች ኩሬውን ሊያዩ ይመጣሉ። ጀልባው ንጹሕና አስተማማኝ ሆኖ ካገኙት ሥራውን ይፈቅዱለታል፤ ካልሆነ ኩሬው በአፈር ይደፈናል።

«ከተደፈነ ከተጂ ከተማ ወዲያ የመንገድ ሥራ ነው ያለው። ሦስት ወር ከዚያ አልንቀሳቀስም» አላት። «በዚህ ሁኔታሽ ጥዬሽ እንዴት ነው የምሄደው?»

«እሱ ያውቃል» አለች እናቴ። ከዚያ ደግሞ ድምጿን ቀየር አድርጋ፣ «ሰው የመርከብ ባለቤት አግብቶ አንድ ቀን እንኳ ሳይሳፈር ይቀራል?» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። አባቴ ግን ወጥቶ ከቤቱ ጀርባ ፊቱን ብዙ ጊዜ ታጠበ። ለምን ያን ያህል እንደሚታጠብ ገርሞኝ ነበር። ሥራው አቧራ አልነበረውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ስንዴ ይዤ ወጣሁ። አባቴ ጀልባው ላይ እንደሌለ አይቻለሁ፤ ማለቴ ከላይ ሲታይ የለም። እሱ ግን ሸራው ሥር በጀርባው ተጋድሞ ወፎቹን እየጠበቀ ነበር። አንድ እፍኝ ወረወርኩ። በኋላ እንደነገረኝ፣ ሸራው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ዝናብ መስሎት እጁን አውጥቶ ዘረጋ። እጁ ላይ ስንዴ ወደቀ።

ብቅ ብሎ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ይጮኽብኛል ብዬ ስጠብቅ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ «አያንቱ፣ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሂጂ። አዎ። አሁን ቁጭ በይ» አለኝ። ለካ እግሬ ገደሉ ጫፍ ላይ ነበር።

እያለከለከ ዳገቱን ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ቆርቆሮውን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ።

«ወፎቹን የምትጠሪያቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ይህን ሁሉ ቀን?»

«አዎ።»

«ኢንታላ ኮ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

ልጄ ሆይ ማለቱ ነው። አባቴን አማርኛው ትቶት የሚሄደው ሲያዝን ብቻ ስለነበር ያን ስሰማ ሁሉን ዘረገፍኩት። «ድንኳኑ ከቆሸሸ አይተከልም። ካልተተከለ እማዬ አትሞትም። አንተ ግን እያጠብክ ትሰጣቸዋለህ!» አልኩና አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የዚያን ቀን እንባዬ ለኩሬው የሚተርፍ ነበር።

አባቴ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ጎትቶ ጉያው ውስጥ አስገባኝና ያስረዳኝ ጀመር። እድሩ አዲስ ድንኳን ገዝቷል። አሮጌው ይሸጥ ሲባል ኦቦ ሊቤ «ቦጂያ አሥራ ሁለት ዓመት በዝናብ በፀሐይ ካስማውን ሲመታ ኖሯል፤ ለጀልባው ጥላ ይሁነው» ብለው ኮሚቴውን አስማሙ። ስለ እናቴ የጠየቁትም የታመመ ሰው ያለበት ቤት ስለገቡ ብቻ ነው። ይኸው ነው ነገሩ። «እማዬ ልጅ ልትወልድ ነው። የደሟ ግፊት ትንሽ ከፍ ስላለ ተኚ ተባለች። ሸራ ሰው አይገድልም፣ ኩስም ሰው አያድንም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«በይ ተነሺ፣ እንጠበው።»

«አባዬ፣ ትንሽ ግን እንተውበት።»

«ምኑን?»

«ኩሱን። መዳፍ የምታህል። ያቺ የእድሩ ስም ያለባት ጥግ ጋ።»

አየኝ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለና ራሱን ነቀነቀ። «እሺ። አንቺ እንድትተኚ ብዬ ነው እንጂ!»

ኦቦ ዲሪርሳም ባልዲ ይዘው መጡ። አባቴ ታሪኩን ሲነግራቸው መጀመሪያ አፋቸውን ከፍተው አዳመጡ፣ ቀጥለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ለካ ያዳኑኝ እርግቦች ናቸው! እኔ ሞኙ ለዓመቱ ለቁልቢ ስለት አስገብቻለሁ» አሉ። ያን ቀን ሦስታችን ሸራውን አጠብነው፤ እኔም ጥጓ አጠገብ ቆሜ ማንም በስህተት መጥረጊያ እንዳያሳርፍባት ስጠብቅ ዋልኩ።

እሁድ ሦስት ሰዎች መጡ። አንዷ ፎልደር የያዘች ሴትዮ ነበረች። በርሜሎቹን አንኳኩተው፣ ገመዱን ስበው፣ ኩሬውን አንድ ጊዜ ዞሩት። ሴትየዋ ከጀልባው ስትወርድ ጥጓን በጣቷ አመለከተች።

«ሁሉም ታጥቦ ይህቺ ምንድን ናት?»

አባቴ አንገቱን አከከ። «ወፎቹም ነዋሪዎች ናቸው፤ እነሱም ድርሻ ይኑራቸው ብለን ነው» አላት። ሴትየዋ ሳቀች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ለአንድ ዓመት ተፈቀደለት። አባቴ ወደ ቤት ሲመለስ ዳገቱን በሩጫ ነው የወጣው፤ እኔ ልደርስበት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ወፎቹ በአብዛኛው ተዉን። ስንዴ የለ፣ ሽቦው አለ። እኔም በየቀኑ ጥጓን አይቼ፣ እንዳለች አረጋግጬ እመለስ ነበር።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ጠዋት ከእናቴ የማቃሰት ድምፅ ነቃሁ። ራሷን ይዛ «ዓይኔ አያይም፣ ቦጂያ፣ ብርሃኑ ጠፋብኝ» ትላለች። ነርሷ መጥታ ጨርቋን ጠምጥማ ነፋች፤ በዚህ ጊዜ ውጪ ወጥታ አላንሾካሾከችም፣ እዚያው «አሁኑኑ ሆስፒታል!» አለች። አባቴ «ባጃጅ ልጥራ» ብሎ ወጣ። ባጃጁ የሚቆመው በራችን ላይ ነው፤ እሱ ግን ቆየ። ነርሷ «የት ሄደ ይሄ ሰው?» እያለች በሩ ላይ ስትንቆራጠጥ እየሮጠ ተመለሰ፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። እናቴን እንደ ሕፃን ታቅፎ አወጣት። ልታየኝ ዞረች፤ የምታየኝ ግን አልመሰለኝም።

እኔ ኦቦ ዲሪርሳ ቤት ተተውኩ። ብዙም ሳይቆይ ከወጨጫ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ስታርፍ ብድግ አልኩ። ጥጓ! ዝናቡ ያጥባታል! ዛሬን የመሰለ ቀን ላይ ታጥባ ልታልቅ ነው! ሚስትየዋ «ወዴት ነሽ አንቺ?» ሲሉኝ ከወጥ ቤታቸው የስኳር ፌስታል ነጥቄ ሮጥኩ። ዳገቱን፣ ቋጥኙን፣ ጭቃውን ሁሉ እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። ጀልባው ጋ ስደርስ ዝናቡ እየዘነበ ነበር። በእጄና በጉልበቴ ተንፏቅቄ ወጣሁና ከኋላ በኩል ቀና ብዬ አየሁ።

ጥጓን ላስቲክ ሸፍኗታል።

በአራት ጫፍ በሲባጎ ተወጥሮ፣ አንድ ጠብታ እንዳያስገባ ተደርጎ ታስሯል። ቋጠሮውን አውቀዋለሁ፤ አባቴ የድንኳን ገመድ ሲያስር ብቻ የሚቋጥረው፣ በሳቡት ቁጥር የሚጠብቅ ቋጠሮ ነው። በላስቲኩ ውስጥ ያቺ መዳፍ የምታህል የወፍ ኩስ ደርቃ፣ ነጭና ግራጫ ሆና፣ ከነሰማያዊ ጽሑፏ ትታያለች። ዝናቡ በዙሪያዋ ይወርዳል። ጀልባው ውስጥ ገብቼ ከሥሯ ተቀመጥኩ። እማዬ እንደማትሞት ያኔ እርግጠኛ ሆንኩ፤ ፈጽሞ አልፈራሁም።

ያን ቀን አባቴ ቃሉን አክባሪ ሰው ነው ብዬ አደነቅኩት። አንቺ እንድትተኚ ብሎኝ አልነበር? ስለ እኔ ብሎ የደከመ መሰለኝ። ሴት ሆኜ፣ ሚስት ሆኜ ካየሁት በኋላ ነው ሌላው የገባኝ። ሚስቱ ዓይኗ ጠፍቶ ቤት ውስጥ እያቃሰተች፣ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ እያለ፣ «ሸራ ሰው አይገድልም» ያለኝ ያ ሰው ወደ ኩሬው ሮጦ በውሃ ውስጥ ገብቶ የወፍ ኩስ ከዝናብ ሸፍኗል። ነርሷ ኦቦ ሊቤ በመጡበት በዚያ ሐሙስ ምን እንዳለችውም ኋላ ሰማሁ። ከሁለቱ አንዳቸውን ልታጣ ትችላለህ፣ ምናልባትም ሁለቱንም ብላዋለች። እኔ ስፈራ ስንዴ ነበረኝ። እሱ ምን ነበረው? ሲፈራ የሚነግረው ሰው እንኳ አልነበረውም። ያን ሌሊት እኔ ደግሞ ጠልቼው ነበር።

እናቴ በቀዶ ሕክምና ተገላገለች። አራት ቀን ዓይኗ ሳይጠራ ቆየ፣ በአምስተኛው ቀን አባቴን «ጢምህን ተላጭ» አለችው፤ በዚህ ማየቷ ታወቀ። የተወለደችው ልጅ ከአንድ ጫማ የማትበልጥ ነበረች። ጂጂ ተባለች። ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ድምጿ ከጋጋኖ ይብሳል።

መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣ አባቴ እናቴን ከነሕፃኗ ጀልባው ላይ አስቀመጣት። ሌላ ሰው አስቀምጦበት የማያውቀውን ወንበር ጠርጎ ነው ያስቀመጣት። ከሊፋ ከዳር ሆኖ በጭብጨባ ሸኘን። ኩሬው መሐል ስንደርስ እናቴ ቀና ብላ ሸራውን ዙሪያውን አየችው፣ ዓይኗ ከኋላ ጥጓ ላይ ቆመ።

«ቦጂያ፣ ይህን ያህል ሸራ አጥበህ ይህቺን ምነው ተውካት?»

አባቴና እኔ ተያየን።

«ረስተናት ነው» አለ። ዳር እንደወረድን መጥረጊያ አነሳና፣ ፉጨቱን እያፏጨ፣ ጥጓን እስክትነጣ አጠባት። እኔ ውሃ አቀበልኩት።

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ወርጄ ነበር። አሁን የምኖረው ገላን ነው፤ ባለቤቴም እዚያው መጋዘን ውስጥ ይሠራል። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሐኪሙ ደምሽ ከፍ እያለ ነው፣ እንደ እናትሽ እንዳትሆኚ እንከታተልሻለን ብሎኛል። መድኃኒቱም ክትትሉም ያኔ ከነበረው የተሻለ ነው፤ ይህን አውቃለሁ፣ ብፈራም አውቃለሁ። ለአባቴ ግን አልነገርኩትም። ለእናቴ ብቻ በስልክ ሹክ ብያት ነበር።

ኩሬው ዙሪያ አሁን ችግኝ አድጎ ጥላ ሆኗል። ጀልባዎቹ ሦስት ሆነዋል። አሮጌው የእድር ሸራ ተበልቶ ካለቀ ቆይቷል፤ ዛሬ ያለው ከሱቅ የተገዛ፣ ውሃ የማያስገባ ነጭ ሸራ ነው። አባቴ ጸጉሩ ነጥቶ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ጋጋኖዎቹን በኦሮምኛም በአማርኛም እየሰደበ ሸራውን ይፈትጋል። ሽቦው እንዳለ ነው፤ ጋጋኖ ግን ከወደደ የማያርፍበት የለም።

«አካም ቡልቴ፣ የእኔ ልጅ!» ብሎ ሰላምታ እየሰጠኝ ወርዶ ሳመኝ። ሆዴን አየ፣ ያበጠ እግሬን አየ። ወንበር አምጥቶ «እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተቀመጪ» አለኝ።

ተቀምጬ ቀና ስል ሸራው ከዳር እስከ ዳር ያበራል። ከኋላ በኩል ግን፣ ጥጉ ላይ፣ መዳፍ የምታህል ነጭና ግራጫ ነገር አየሁ። በላይዋ ላስቲክ ተወጥሯል፤ አራቱም ጫፍ በሲባጎ ታስሯል። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና አልነበረም።

ሳቄ ይምጣ እንባዬ ይምጣ ሳላውቅ፣ «ኧረ አባዬ» አልኩት፤ «ይሄ እኮ የእድር ድንኳን አይደለም። ከሱቅ የተገዛ ሸራ ነው።»

አባቴ መሰላሉን ወደ ጥጓ አዞረው። ወጣና ቋጠሮውን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አድርጎ አጠበቀው።

«ወፎቹ ይህን መቼ ያውቃሉ?» አለኝ።